የካሳ ብቸኝነት

የዐፄ ቴዎድሮስ ነገር ሲነሣ አንዱ ጀግንነታቸውን ያወድሳል፤ ሌላው ጭካኔያቸውን ያወግዛል። ሁለቱም እውነት ይዘዋል። እኛ ግን በዚህች አጭር ጽሑፍ ሌላ ነገር ልንመረምር እንወዳለን፤ ይኸውም የሚወዱትንና የሚገሥጹትን ወዳጆች ያጣ ሰው ምን እንደሚሆን ነው።

ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። አባታቸውን በልጅነታቸው አጥተው ከእናታቸው ከወይዘሮ አትጠገብ ጋር በችግር አደጉ። በገዳም ትምህርት ቀመሱ፤ ኋላም ሸፍተው ስማቸው ገነነ። እቴጌ መነን ይህን ሽፍታ በጋብቻ ለመያዝ አስበው የልጃቸውን የራስ ዓሊን ልጅ፥ ወይዘሮ ተዋበችን፥ ዳሩላቸው። ለፖለቲካ የታሰበው ጋብቻ ግን እውነተኛ ፍቅር ሆነ። ካሳ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ራስ ዓሊን ድል ሲያደርጉ እንኳ ተዋበች ከባላቸው ጎን አልተለዩም። ካሳም በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

ደስታው አልቆየም። ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ሞቱ። በ1852 ዓ.ም. ወዳጃቸው እንግሊዛዊው ፕላውደን በሽፍታው በጋረድ ሰዎች ቆስሎ ሞተ። ከወራት በኋላ ሌላው እንግሊዛዊ፥ ሊቀ መኳስ ዮሐንስ የተባለው ጆን ቤል፥ ንጉሡን ሲከላከል በጦርነት ወደቀ። ንጉሡም ለወዳጆቻቸው ደም ምርኮኞችን አስፈጁ። የደጃዝማች ውቤን ልጅ፥ እቴጌ ጥሩወርቅን፥ ቢያገቡም፥ አባታቸውን ካሰረ ባል ጋር የቀድሞውን ፍቅር መመለስ እንዴት ይቻል ነበር?

ጭካኔው ሁሉ ከኃዘን መጣ ለማለት አይደለም። ንጉሡ ከዚያ በፊትም ብርቱ ቀጪ ነበሩ፤ ከካህናት ጋር በመሬት ተጣልተዋል፤ ዐመፅም በየአውራጃው ይነሣባቸው ነበር። ነገር ግን ቁጣቸውን የሚያበርድ ሰው በአጠገባቸው እየጠፋ ሄደ። የፈራቸው ሰው ደግሞ እውነቱን አይነግራቸውም ነበር። ለእንግሊዝ ንግሥት በ1855 ዓ.ም. የላኩት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ሲዘገይ ንቀት መሰላቸውና ቆንስሉን አሰሩ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ዘረፉ፤ አቃጠሉም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ብዙ እስረኞችን ወደ ገደል አስወረወሩ። እነዚህም እስረኞች እንደ እሳቸው የሚያለቅስላቸው ዘመድ ነበራቸው። ኃዘን ለኃጢአት ፈቃድ አይሆንም።

በዚያው ሰሞን አሮጌ ላይ የታመነ አሽከራቸው ፊታውራሪ ገብርዬ ወደቀ። ሚያዝያ 6 ቀን ጠላት አምባውን ሲሰብር፥ ንጉሡ የቀሩትን ተከታዮቻቸውን አሰናብተው በሽጉጣቸው ራሳቸውን ገደሉ። ሽጉጡ ከዚያችው ንግሥት ቀድሞ የመጣ የወዳጅነት ስጦታ ነበር። እቴጌ ጥሩወርቅ ወዲያው በስደት ጉዞ ላይ ሞቱ። ሰባት ዓመት ያህል የነበረው ልጃቸው ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ፤ በ18 ዓመቱ በ1872 ዓ.ም. በዚያው አረፈ። አባትየው የቀመሱትን ብቸኝነት ልጁም ወረሰው።

አንባቢ ሆይ፥ የሰው ልጅ ምንም ኃያል ቢሆን፥ ተው የሚለው ወዳጅ ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለ ወዳጅ ያለህ እንደ ሆነ፥ ቃሉ ቢመርህም አታርቀው።