ኤልያ ሜችኒኮፍና የአንጀት ጭፍሮች

ከአንድ ምንጭ ከጠጡት ሁለት ሰዎች አንዱ ታሞ ሌላው በደኅና የሚውለው ስለ ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ኤልያ ሜችኒኮፍን ሕይወቱን ለአደጋ እስከ መስጠት አድርሶት ነበር።

ሜችኒኮፍ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1845 ዓ.ም. በዛሬይቱ ዩክሬን፥ በካርኮቭ አቅራቢያ ተወለደ። በ1882 በመሲና ከተማ የባሕር ኮከብን እጭ በጽጌረዳ እሾኽ ወግቶ ቢመለከት፥ ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾኹን ከበው አገኛቸው። ሰውነት ጠላቱን የሚውጡ ወታደሮች እንዳሉት በዚህ ተረዳ፤ ስለዚህም ሥራ በ1908 ከፓውል ኤርሊኽ ጋራ የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ።

በ1892 ኮሌራ ፈረንሳይን ሲያስጨንቅ፥ በፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠራ የነበረው ይህ ሊቅ የኮሌራን ተሐዋስያን ጠጣ፤ አልታመመም። አንድ ፈቃደኛም ጠጥቶ ደኅና ሆነ። ሌላው ግን ለሞት ተቃረበ። ሜችኒኮፍም ልዩነቱ በየሰዉ አንጀት ከሚኖሩት ተሐዋስያን የመጣ ነው ብሎ ገመተ፤ በሳሕን ላይ ሲያበቅላቸውም ከፊሎቹ ኮሌራን ሲያግዙ፥ ከፊሎቹ ሲከለክሉ አየ። በ1916 በ71 ዓመቱ ዐረፈ።

ጥያቄው ግን አብሮት አልተቀበረም። በ2011 የታተመ ምርምር፥ የአንጀት ተሐዋስያናቸው በመድኃኒት የተመነመነባቸው አይጦች በፖሊዮ ቫይረስ እንደ ቀድሞው እንደማይጠቁ አሳየ፤ ለካስ ቫይረሱ በተሐዋስያኑ ይረዳ ኖሯል። ኤፍዩቲ2 የተባለው ጂን ከወላጆቻቸው ሳይሠራ የተወረሰላቸው ሰዎችም ብዙዎቹን የኖሮቫይረስ ዐይነቶች ይቋቋማሉ።

እንግዲህ መልሱ በጠጪው ዘርና በአንጀቱ ጭፍሮችም ውስጥ ይገኛል። ሜችኒኮፍ ራሱን ስለ መስጠቱ ቢመሰገንም፥ ሌላውን ለሞት ያቀረበው ብርጭቆ ግን ለተመራማሪ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ሆኖ ይኖራል።