ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ፤ የኦርጋን መርማሪ

ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ዛሬ በዓለም ላይ የሚታወቀው በሙዚቃ ደራሲነቱ ነው። በሕይወት በነበረበት ዘመን ግን ስሙ በይበልጥ የሚነሣው በኦርጋን ተጫዋችነቱ ሲሆን፣ አዲስ ኦርጋን ተሠርቶ ባለቀ ቁጥርም እየተጠራ ሥራው በውሉ መሠረት መፈጸሙን ይመረምር ነበር። ይህ የሕይወቱ ክፍል ለሚሠሩም፣ ለሚያሠሩም፣ ለሚረከቡም ባለሙያዎች ትምህርት የሚሰጥ ነው።

ባኽ በ1685 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጀርመን አገር በአይዜናኽ ከተማ ከሙዚቀኞች ቤተሰብ ተወለደ። አሥር ዓመት ሳይሞላው እናትና አባቱ ስለሞቱበት በኦርድሩፍ የኦርጋን ተጫዋች የነበረው ታላቅ ወንድሙ ወስዶ አሳደገው። በ1703፣ ገና በአሥራ ስምንት ዓመቱ፣ ቬንደር የተባለው ሠሪ በአርንሽታት ያቆመውን አዲስ ኦርጋን እንዲመረምር ተጠራ፤ ጥቂት ቆይቶም የዚያው ኦርጋን ተጫዋች ሆኖ ተቀጠረ። በ1705 የታወቀውን ቡክስተሁደን ለመስማት የአራት ሳምንት ፈቃድ ጠይቆ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ሉቤክ በእግሩ ተጓዘ። የተመለሰው ግን ከአራት ወር ገደማ በኋላ በመሆኑ ከአሠሪዎቹ ዘንድ ተግሣጽ ደረሰበት።

ባለ ቱቦ ኦርጋን በዚያ ዘመን ከነበሩት መሣሪያዎች ሁሉ እጅግ ከተወሳሰቡት አንዱ ነበር። ከኋላ ሰዎች እየረገጡ የሚያሠሩት ወናፍ አየሩን አምቆ ወደ ነፋስ ሣጥኑ ይልካል። በሣጥኑ ላይ ከእንጨት ወይም ከቆርቆሮና ከእርሳስ ቅይጥ የተሠሩ ቱቦዎች በየረድፋቸው ቆመዋል። ተጫዋቹ በጎኑ ያለውን እጀታ ሲስብ አንድ ረድፍ ለሥራ ይዘጋጃል፤ በጣቱ ወይም በእግሩ ቁልፉን ሲጫን ደግሞ በቀጫጭን የእንጨት ዘንጎች የተያያዘው ክዳን ተከፍቶ ነፋሱ ወደ ቱቦው ይገባል። ቱቦው በረዘመ ቁጥር ድምፁ ይወፍራል። ነፋሱ ካነሰ ወይም ከተዋዠቀ ግን ቱቦው የቱንም ያህል በጥሩ እጅ ቢሠራ ድምፁ ይበላሻል።

ባኽ ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። በ1708 ለሚውልሃውዘን ከተማ ምክር ቤት ስለ ኦርጋኑ እድሳት ባቀረበው ጽሑፍ በመጀመሪያ ያነሣው የነፋሱን ማነስ ነው። ሦስት አዳዲስ ወናፎች እንዲጨመሩ፣ አራቱ አሮጌዎች ደግሞ በበለጠ ግፊት ለወፍራሞቹ የእግር ድምፆች እንዲውሉ አሳሰበ። ለምርመራ በተጠራም ጊዜ አሠራሩ ያው ነበር። ልጁ ካርል ፊሊፕ ኢማኑኤል አባቱ ከሞተ በኋላ እንደጻፈው፣ ባኽ አስቀድሞ እጀታዎቹን ሁሉ ስቦ ኦርጋኑን በሙሉ ኃይሉ ይጫወታል፤ ይህንም የሚያደርገው የመሣሪያው ሳንባ ጤነኛ መሆኑን ለማወቅ እንደሆነ በቀልድ ይናገር ነበር። ከዚያም እያንዳንዱን ክፍል በተራ ይመረምራል።

ጥብቅነቱ ግን ከፍትሕ የተለየ አልነበረም። በ1717 በላይፕሲግ የዩኒቨርሲቲው ቤተ ክርስቲያን ሻይበ የሠራውን ኦርጋን መርምሮ ሪፖርት አቀረበ። ውስጡ የተጣበበና ለጥገና የማይመች ሆኖ ቢያገኘውም፣ ሠሪው የኦርጋኑን ቤት እንዲያሰፋ ስላልተፈቀደለት ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ ገለጸ። የነፋሱ አለመስተካከል እንዲታረም፣ ከኦርጋኑ በስተኋላ ያለው መስኮት በግንብ ወይም በብረት እንዲከለል፣ ሠሪውም ቢያንስ የአንድ ዓመት ዋስትና እንዲሰጥ ጠየቀ። ከውሉ ውጭ ለተሠራው ሥራ ደግሞ ሠሪው ካሣ እንዲያገኝ አሳሰበ። የሕይወቱን ታሪክ በ1802 ያሳተመው ፎርክል እንደሚለው፣ ባኽ ሥራው መልካም ሆኖ ክፍያው ያነሰ መሆኑን ሲረዳ አሠሪዎቹ እንዲጨምሩ ይጥር፣ አንዳንድ ጊዜም ይሳካለት ነበር። ያም ሆኖ ለማንም አለማድላቱ ወዳጆቹን እምብዛም አላበዛለትም።

በ1746 በናውምቡርግ ሂልደብራንት የሠራውን ባለ 53 ረድፍ ኦርጋን ከታዋቂው ሠሪ ከጎትፍሪድ ዚልበርማን ጋር መረመረ። ሁለቱም በውሉ የተጠቀሰው ሁሉ መሟላቱን መስክረው፣ ሠሪው የድምፁና የቁልፎቹ አሠራር ይበልጥ እንዲስተካከል መላውን መሣሪያ ረድፍ በረድፍ እንደገና እንዲያይ አሳሰቡ።

ባኽ በ1750 በላይፕሲግ ሞተ። የብዙዎችን ኦርጋን የመረመረው ይህ ሰው ትልቅና ያማረ ኦርጋን ሁልጊዜ በእጁ ኖሮት አያውቅም፤ ይህንም ዘወትር በቁጭት ያነሣው እንደነበር ከሞቱ በኋላ የወጣው የሕይወት ታሪኩ ይመሰክራል። የናውምቡርጉ ኦርጋን ግን በ2000 ወደ ቀድሞ ይዞታው ተመልሶ ታድሷል። ባኽ ለሌሎች ያረጋገጠው ሥራ ከሁለት መቶ አምሳ ዓመት በኋላም ድምፁን ያሰማል።