ቻርልስ ሐሚልተን ሂውስተን፤ የእኩልነትን መሠረት የጣለ ጠበቃ

በአሜሪካ የዘር ልዩነት ሕግ ስለ ወደቀበት ሁኔታ ሲነገር በቅድሚያ የሚጠቀሰው በ1954 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የተሰጠው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ይሁን እንጂ ያ ውሳኔ ሃያ ዓመት ያህል ሲገነባ የቆየ ሕንፃ ጣሪያ ነበር። መሠረቱን ቆፍሮ ዐምዶቹን ያቆመው ጠበቃ ቻርልስ ሐሚልተን ሂውስተን ጣሪያው ሲከደን ለማየት አልታደለም።

ሂውስተን በ1895 በዋሽንግተን ከተማ ተወለደ። አባቱም ጠበቃ ነበር። በአምኸርስት ኮሌጅ ትምህርቱን በ1915 በከፍተኛ ማዕረግ ከፈጸመ በኋላ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መኮንን ሆኖ ወደ ፈረንሳይ ዘመተ። በዚያም ጥቁር መኮንኖች ከገዛ አገራቸው ሰዎች የሚደርስባቸውን ንቀትና በደል በዓይኑ አየ። ከሞት ተርፎ ቢመለስ ሕግ ተምሮ መከላከያ ለሌላቸው ሰዎች እንደሚቆም የወሰነው ያን ጊዜ ነው። በ1919 ሃርቫርድ ገባ፤ በዚያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ መጽሔት አዘጋጆች መካከል የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ፤ በ1923ም በሕግ የዶክትሬት ማዕረግ አገኘ።

በ1929 የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን የሕግ ትምህርት ቤት እንዲመራ ተሾመ። የማታ የነበረውን ትምህርት ወደ ሙሉ የቀን ትምህርት ለወጠው፤ ትምህርት ቤቱም በ1931 የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበርን ዕውቅና አገኘ። ለተማሪዎቹ ጠበቃ የኅብረተሰብ መሐንዲስ መሆን እንዳለበት፣ ይህን ያልሆነ ግን በሌላው ትከሻ የሚኖር ጥገኛ እንደሆነ ያስተምር ነበር። በ1933 ከተመረቁት መካከል በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ለመሆን የበቃው ተርጉድ ማርሻል ይገኝበታል።

ሂውስተን በ1935 ለጥቁሮች መብት የሚታገለው ብሔራዊ ማኅበር የሕግ ክፍል ኃላፊ ሲሆን፣ ከፊቱ የቆመው ግድግዳ ጠንካራ ነበር። በ1868 የጸደቀው ዐሥራ አራተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ፣ ማንኛውም ክፍለ ግዛት ለማንም ሰው የሕግን እኩል ጥበቃ እንዳይነፍግ ያዝዛል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ1896፣ አገልግሎቱ እኩል እስከሆነ ድረስ ጥቁሩንና ነጩን መለየት ሕግን አይጥስም ብሎ ነበር። የደቡብ ክፍለ ግዛቶች ታዲያ መለየቱን አጥብቀው ይዘው እኩልነቱን ተዉት። ሂውስተን ይህን በወሬ አልተቀበለም፤ የፊልም ካሜራ ይዞ ደቡብ ካሮላይናን በመዞር የጥቁሮቹንና የነጮቹን ትምህርት ቤቶች እያነጻጸረ ቀረጸ።

የመረጠው ስልት ግድግዳውን ፊት ለፊት መግፋት ሳይሆን ተሸካሚውን ድንጋይ መሳብ ነበር። ክፍለ ግዛቶቹ እኩል ነው ካሉ እኩልነቱን ያሳዩ አለ። ለመጀመሪያም የሕግ ትምህርት ቤቶችን መረጠ፤ ምክንያቱም በዚህ ደረጃ ለጥቁሮች የተዘጋጀ ትምህርት ቤት በአብዛኛው ከነጭራሹ ስላልነበረ፣ እኩል ነው ብሎ መከራከር አይቻልም። ሁለተኛ ትምህርት ቤት መሥራት ደግሞ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል።

የመጀመሪያው ድል በሜሪላንድ ተገኘ። ከማርሻል ጋር ሆኖ የዶናልድ መሪን ጉዳይ በ1935 አሸነፈ፤ የክፍለ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ1936 አጸናው። ፍርዱ ግን ከሜሪላንድ ወሰን አያልፍም ነበር። ስለዚህ ሂውስተን ወደ ሚዙሪ አመራ። ሎይድ ጌንስ የተባለ ወጣት በዘሩ ምክንያት ከሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ተከልክሎ፣ በጎረቤት ክፍለ ግዛት ቢማር ክፍያው እንደሚሸፈንለት ተነግሮት ነበር። ክሱ ለስሙ በዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ላይ ቢመሠረትም የተከሰሰው የክፍለ ግዛቱ ሥርዓት ነው። በሚዙሪ ፍርድ ቤቶች ተሸነፉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በዲሴምበር 12 ቀን 1938 በስድስት ድምፅ ለሁለት ፈረደላቸው። ክፍለ ግዛቱ ግዴታውን በራሱ ወሰን ውስጥ መፈጸም እንጂ ለጎረቤት ማስተላለፍ እንደማይችል፣ መብቱም የግለሰቡ ስለሆነ የጠያቂዎቹ ቁጥር ማነስ ምክንያት እንደማይሆን ተወሰነ።

ድሉ ያለ ዋጋ አልመጣም። ሚዙሪ በ1939 በሴንት ሉዊስ ለጥቁሮች የተለየ የሕግ ትምህርት ቤት በችኮላ ከፈተች። ጌንስ በዚያው ዓመት በማርች ወር ቺካጎ ላይ ከማደሪያው ወጥቶ አልተመለሰም፤ መጨረሻውም እስከ ዛሬ አልታወቀም። ከሳሹ በመጥፋቱ ክርክሩ ሊቀጥል አልቻለም፤ የተገኘው ፍርድ ግን ሕግ ሆኖ ጸና።

ሂውስተን ወደ ዋሽንግተን ተመልሶ በጥብቅና ሥራው ቀጠለ። በ1944 የጥቁር ባቡር ሠራተኞችን መብት አስከበረ፤ በ1948 ቤት ለጥቁር እንዳይሸጥ የሚያግዱ ውሎችን ከተቃወሙት ጠበቆች አንዱ ሆኖ አሸነፈ። ልቡ ግን ደከመ፤ በኤፕሪል 22 ቀን 1950 በ54 ዓመቱ ዐረፈ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር አመልካችን በሕግ ትምህርት ቤቱ እንዲቀበል ወሰነ። ይህ ፍርድ በጌንስ ጉዳይ ላይ የቆመ ነበር። በሜይ 17 ቀን 1954 ደግሞ ማርሻል ከጓደኞቹ ጋር የተከራከረበት የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ጉዳይ ተወስኖ፣ በትምህርት መለየት ራሱ እኩልነትን የሚያፈርስ መሆኑ ታወጀ።

የሃዋርድ የሕግ ትምህርት ቤት ዋና ሕንፃ በ1958 በሂውስተን ስም ተሰይሟል። መሠረት ግን ከመሬት በታች ስለሚውል ከላይ የሚኖረው ሰው እምብዛም አያስታውሰውም። ሂውስተን ድንጋዩን ሲያኖር ከላይ የሚያርፈውን ክብደት አስቀድሞ አስቦበት ነበር፤ የሚሸከሙትን ሰዎችም አስተምሮ ነው ያለፈው።