ጎትፍሪድ ሴምፐርና የድሬስደን ቲያትር ቤት

ጎትፍሪድ ሴምፐር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1803 በጀርመን አገር ተወለደ። በ1834 በድሬስደን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የሕንፃ ጥበብ አስተማሪ ሆኖ ተሾመ፤ ለሳክሶኒ ንጉሥ የነደፈው የኦፔራ ቤትም በ1841 ተከፈተ። እኛ ግን ከሕንፃው ይልቅ ከስምንት ዓመት በኋላ የሆነውን ማስታወስ እንወዳለን።

በሜይ ወር 1849 የድሬስደን ሕዝብ ሕገ መንግሥት ይጽደቅልን ብሎ ሲነሣ መምህሩ ከሕዝቡ ጋራ ቆመ። የመንገዱ ምሽግ አሠራሩ ደካማ መሆኑን ቢያይ እንደ ሙያው አጠናክሮ አሠራ። (በንጉሥ ደመወዝ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።) ዐመፁ በጦር ኃይል ሲደመሰስ እንዲያዝ ትእዛዝ ወጣ፤ እሱም ተሰደደ። በፓሪስና በለንደን ተንከራትቶ በ1855 በዙሪክ ማስተማር ጀመረ።

በ1869 ቲያትር ቤቱን ይጠግኑ የነበሩ ሠራተኞች ባለመጠንቀቃቸው ሕንፃው ተቃጠለ። ያን ጊዜ የከተማው ሰዎች ሴምፐር ራሱ ይሥራልን ብለው አቤቱታ አቀረቡ፤ ተፈቀደላቸውም። ስደተኛው ግን ወደ ድሬስደን ተመልሶ አልኖረም፤ ንድፉን ሰጠ፣ ሥራውን ልጁ ማንፍሬድ ቆሞ አሠራ። ደግሞም የፊተኛውን ግልባጭ አልሰጣቸውም፤ ከቀድሞው ስፍራ ፈቀቅ አድርጎ ሌላ መልክ ያለው ቤት ነደፈ። ከሁሉ የምናደንቅለት ይህን ነው። ቤቱ በ1878 ተከፈተ፤ ሴምፐርም በሚቀጥለው ዓመት ሮማ ላይ ሞተ።

ሕንፃውን በፌብሩዋሪ 1945 የአውሮፕላን ቦምብ አፈረሰው። ከ1977 ጀምሮ መልሰው ሲያንጹት መድረኩን አሰፉ፤ የውጭውን መልክ ግን እንደ ሴምፐር ንድፍ አቆሙት። በፌብሩዋሪ 13 ቀን 1985፣ ልክ በአርባ ዓመቱ፣ በሩ ተከፈተ።