ስህተቱን የሚያውቅ ሰዓት

ጠመንጃ ያዥ ካሉት ቢሮዎች ባንዱ መብራት ሄዶ መጣ እንበል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከርነል የሚባለው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት አንድ ነገር ያጣራል፤ የፕሮሰሰሩ ቆጣሪ በሰከንድ ስንት ጊዜ ይመታል? ይህን የሚያውቀው ፍጥነቱ ከታወቀ ሌላ ሰዓት ጋር አስተያይቶ ነው። በመሐል ሌላ ሥራ ገብቶ ልኬቱን ካዛባው ጥሎት እንደገና ይለካል። ዕድሜውን ለዚህ ዓይነቱ ጥንቃቄ የሰጠ አንድ አናጢ ነበር፤ እንግሊዛዊው ጆን ሃሪሰን።

ሃሪሰን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1693 በዮርክሻየር ተወለደ። ሃያ ዓመቱ ገደማ ላይ መዘውሮቹ ከእንጨት የሆኑ ሰዓት ሠራ። በምን ያመሳክረው? ወደ ሰማይ አየ። ከመስኮቱ ሆኖ አንድ ኮከብ ከጎረቤት የጭስ ማውጫ ጀርባ የሚሰወርበትን ቅጽበት ሌሊት ሌሊት ይከታተል ጀመር። ኮከብ በየሌሊቱ 3 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ ቀድሞ ይሰወራል። ከዚህ የተለየው ሁሉ የሰዓቱ ስህተት ነው።

በዚያ ዘመን መርከበኞች ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ምን ያህል እንደተጓዙ በትክክል አያውቁም ነበር። መሬት በ4 ደቂቃ አንድ ዲግሪ ስለምትዞር፣ የመነሻውን ወደብ ሰዓት የያዘ ሰው ቦታውን ያሰላል። በባሕር ላይ የማይዛባ ሰዓት ግን አልነበረም። በ1707 አራት የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ያሉበትን ስተው ከአለት ተላተሙ፤ ከሺህ ሰው በላይ አለቀ። ፓርላማው በ1714 መፍትሔ ላመጣ እስከ 20,000 ፓውንድ ሽልማት አቀረበ።

ሃሪሰን አራተኛዋን የባሕር ሰዓት በ1759 ጨረሰ። በ1761 ልጁ ዊሊያም ይዟት ወደ ጃማይካ ተጓዘ። የየዕለት መዘግየቷ ሲታሰብላት፣ በ81 ቀን የተሳሳተችው 5 ሰከንድ ያህል ነው። ዳኞቹ አላመኑም፤ ሌላ ሙከራ አዘዙ። በ1764 ዊሊያም ሰዓቷ በቀን ስንት እንደምትዛነፍ ከጉዞው በፊት አስታወቀ። ባርቤዶስ ሲደርስ የ47 ቀኑ ስህተት 39 ሰከንድ ሆነ፤ ከተፈቀደው ሲሶ ገደማ ማለት ነው።

እንደዚያም ሆኖ ሽልማቱ በሙሉ አልተለቀቀለትም። ጄምስ ብሩስ ጎንደርን በለቀቀ በማግሥቱ ዓመት፣ በ1772፣ ንጉሥ ጆርጅ 3ኛ የአዛውንቱን አምስተኛ ሰዓት ራሱ አስፈተነ። በ1773 ፓርላማው 8,750 ፓውንድ ጨመረለት። ሃሪሰን በ1776 አረፈ።

የሃሪሰን ሰዓት ትሳሳታለች፤ ስህተቷ ግን ቋሚና አስቀድሞ የታወቀ ነው። ከርነሉም ከቆጣሪው የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ቆጣሪው ፈጠነም ዘገየም፣ ፍጥነቱ ካልተለዋወጠና በትክክል ከተለካ ቀሪው ሒሳብ ነው። ልኬቱ ከተሳተ ግን ኮምፒውተሩ ስህተቱን እንደ እውነት ይዞ ቀኑን ሙሉ ይሠራበታል።