ሰሌዳውን በልጆች ቋንቋ ያናገሩ መምህር

ለዛሬው የሕይወት ታሪክ ዓምዳችን ይዘን የቀረብነው የንጉሥ ወይም የጦር መሪ ታሪክ አይደለም። የአንድ መምህር ታሪክ ነው። እኚህ ሰው ካረፉ ስምንት መቶ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። ይሁንና ጧት በጅግጅጋ ሰፈሮች መካከል ያለፈ ሰው የሳቸውን የማስተማሪያ ዘዴ የሕፃናት ድምፅ ሲያስተጋባው ይሰማል። ስማቸው ዩሱፍ ቢን አሕመድ አል-ከውነይን ነው። ሕዝቡ የሚያውቃቸው ግን አው ባርኻድሌ በሚለው ስም ነው። አው ለሃይማኖት አባት የሚሰጥ የክብር መጠሪያ ሲሆን፣ ባርኻድሌ ማለት በረከት ያለው፣ ቡሩክ ማለት ነው።

እኚህን ሰው የመረጥንበት ምክንያት አለን። በማስተማር ልምምድ ጊዜ ከመካከላችን ጥቂቶቻችን ኮምፒውተርና ፕሮጀክተር ይዘን ክፍል ገብተን ነበር። ሥዕሉ ግድግዳው ላይ ቦግ ሲል ተማሪው ሁሉ ጸጥ አለ። ትምህርቱ የገባቸው መስሎን እኛም ደስ አለን። በማግሥቱ ስንጠይቅ ግን ስለ መብራቱ የሚያወራ እንጂ ስለ ትምህርቱ የሚመልስ ጠፋ። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? የመሣሪያው ነው ወይስ የኛ? በዚህ ስንከራከር ነው እንግዲህ የአው ባርኻድሌ ነገር የተነሣው።

ሼህ ዩሱፍ የኖሩት በ12ኛው ምዕተ ዓመት እንደሆነ ይገመታል። ግምቱ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። የኢፋት ገዢዎች የነበሩት የወላስማ ነገሥታት የዘር ሐረግ ሲቆጠር የሥርወ መንግሥቱ መሥራች ከዑመር ወላስማ በፊት አምስት ትውልድ ያህል ወደ ኋላ ሄዶ የሳቸው ስም ይገኛል። ዑመር ደግሞ የ13ኛው ምዕተ ዓመት ሰው ነው። ስለ ትውልዳቸው ገሚሱ የዘይላ ተወላጅ ናቸው ይላል፤ ገሚሱ ከባሕር ማዶ የመጡ ሸሪፍ ናቸው ይላል። ዘይላ በዚያን ዘመን የኢፋትና የሐረር ነጋዴ የሚወርድባት፣ የዐረብ መርከብ የሚቆምባት፣ ዕቃም ዕውቀትም የሚራገፍባት ወደብ ነበረች። ሼህ ዩሱፍ ከባሕሩ ዳር ተነሥተው ከብት አርቢው ወደሚኖርበት ደጋ ወጡና በዶጎር ተቀመጡ። ቦታው ከሐርጌሳ በስተሰሜን ምሥራቅ ብዙ ሳይርቅ ይገኛል፤ ዛሬ በስማቸው አው ባርኻድሌ ይባላል።

ትውፊቱ ስለሳቸው አብዝቶ የሚተርከው የኮረብታውን ነገር ነው። በአካባቢው አንድ ኃይለኛ አስማተኛ ነበር፤ ሕዝቡን አስፈራርቶ ይገዛ ነበር ይባላል። ሼሁ ኃይል ካለህ ይህን ኮረብታ ሰንጥቀህ እለፍ አሉት። አንድ ጊዜ አለፈ፣ ሁለተኛም አለፈ። በሦስተኛው ሼሁ ጸለዩና ኮረብታው ገጠመ፤ አስማተኛውም እዚያው ቀረ። ሽማግሌ ሁሉ ይህን ታሪክ ያውቃል። እኛ ግን መምህራን ለመሆን እንደሚዘጋጁ ሰዎች ስናየው፣ ከኮረብታው ይልቅ የሚያስደንቀን በሳቸው ስም የሚነገረው ሌላው ሥራ ነው። ይኸውም የፊደል ትምህርቱ ነው።

በዚያን ዘመን የመምህሩ መሣሪያ ምን እንደነበረ እንመልከት። ሎሕ የሚባል የእንጨት ሰሌዳ ነው። ቀለሙ ከሰል ተፈጭቶ ከወተት ወይም ከሙጫ ጋር ተበጥብጦ ይሠራል። ብርዑ የተቀረጸ ስንጥር ነው። ልጁ የተጻፈለትን አጥንቶ ሲጨርስ ሰሌዳው በውኃ ይታጠብና ሌላ ይጻፍበታል። ወረቀት በማይገኝበት፣ ቤቱ በግመል ተጭኖ በሚዘዋወር ሕዝብ ዘንድ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ ከየት ይመጣል? አይሰበርም፣ ዝናብ ቢመታው አይበላሽም፣ ሺህ ጊዜ ይታጠባል። በዘመኑ ሚዛን ሎሕ እውነተኛ ቴክኖሎጂ ነበር።

ችግሩ ከመሣሪያው ላይ አልነበረም፤ ከቋንቋው ላይ ነበር። የዐረብኛ ፊደል ብቻውን ተነባቢ ነው። ድምፁን የሚሰጡት ከላይና ከታች የሚደረጉት ትንንሽ ምልክቶች ናቸው። ስማቸውም ፈትሓ፣ ከስራና ደማ ይባላል። ለዐረብ ልጅ ቃላቱ ትርጉም አላቸው፤ መክፈት፣ መስበር፣ መሰብሰብ እንደማለት ናቸው። ፍየል ጠብቆ ለመጣው የሶማሌ ልጅ ግን ባዶ ድምፅ ናቸው። ፊደሉ እንግዳ፣ የምልክቱ ስም እንግዳ፣ የሚነበበውም ቋንቋ እንግዳ። ሦስት እንግዳ በአንድ ጊዜ በሕፃን ራስ ላይ ሲወርድ የሚሆነውን እኛም ከልምምዳችን ቀምሰነዋል።

አው ባርኻድሌ ፊደሉን አልለወጡም፤ ሰሌዳውንም አልጣሉም። ያደረጉት ለምልክቶቹ በሶማሊኛ ስም ማውጣት ነው። አሊፍ ላ ኮር ደበይ፣ አሊፍ ላ ሆስ ደበይ፣ አሊፍ ላ ጎደይ። ኮር ማለት ላይ፣ ሆስ ማለት ታች ነው። ጎደይ ደግሞ መታጠፍን ያመለክታል። ፊደሏ ከላይ ምልክት ሲኖራት አ፣ ከታች ሲኖራት ኢ፣ ምልክቱ የታጠፈ ሲሆን ኡ ተብላ ትነበባለች። ስሙ ልጁ በዓይኑ የሚያየውን ነገር ራሱን ይነግረዋል። ዓይኑ ያያል፣ አፉ ያየውን ይናገራል፣ ጆሮው ድምፁን ይሰማል። ከአሊፍ በኋላ በሁሉም ፊደል ላይ ይኸው ዜማ ይደጋገማልና፣ ልጁ አንዱን ሲያውቅ የሌላውን ቁልፍ ያገኛል።

በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠርን ሰዎች ይህ ነገር አይጠፋብንም። ሀ ሁ ሂን በዜማ ስንወርደው የምናነብ እንመስላለን እንጂ በቃል ነው የምንለው። መምህሩ ይህን ያውቃልና አቡጊዳን ያመጣል። ያኔ ተራው ሲቀየር መልኩን ያወቀውና ዜማውን ብቻ የያዘው ይለያል። አቡጊዳም ሆነ ኮር ደበይ መብራት የማይፈልግ፣ ባትሪ የማይጨርስ መሣሪያ ነው።

ሼህ ዩሱፍ ያረፉት እዚያው በዶጎር ነው። መቃብራቸውን ከጅግጅጋና ከአውበሬ፣ ከቶጎ ውጫሌም ማዶ ብዙ ሰው ሲዘይረው ኖሯል። የአርኪዮሎጂ ባለሙያዋ ሳዳ ሚሬ ስፍራውን አጥንታ ከእስልምና በፊት የነበረ እምነት ምልክቶችን፣ የቆሙ የድንጋይ ሐውልቶችን ጭምር መዝግባለች። ሰውዬው የቆሙት እንግዲህ የራሱ የቆየ እምነትና ልማድ በነበረው ሕዝብ መካከል ነው።

ዘዴያቸው ግን ሁሉን አልጨረሰም። ዐረብኛ ሦስት አናባቢ ነው ያለው፤ ሶማሊኛ ግን ኤ እና ኦም አለው። ቁርኣን ለማንበብ የበቃው ምልክት ሶማሊኛን ለመጻፍ አልበቃም። ስለዚህ ሥራው ከመምህር ወደ መምህር ተሸጋገረ። ከአውበሬ ጎረቤት በቦረማ ሼህ አብዱራህማን ሼህ ኑር እ.ኤ.አ. በ1933 ለሶማሊኛ አዲስ ፊደል ቀረጹ። በ1965 ዓ.ም. በሞቃዲሾ የላቲን ፊደል ተወሰነ። በ1971 ዓ.ም. በሀገራችን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ከተመረጡት 15 ቋንቋዎች አንዱ ሶማሊኛ ነበር፤ የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነው። ዛሬ በክልሉ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በላቲን ፊደል ይነበባል። ፊደሉ ተለዋወጠ፤ የልጁን ቋንቋ ፈልጎ የማግኘቱ ሥራ ግን ያው ነው።

ይህን ስንረሳ የሚሆነውን ደግሞ በቅርቡ አይተናል። በ1997 ዓ.ም. ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በየትምህርት ቤቱ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ገባ። ትምህርቱ በሳተላይት በእንግሊዝኛ ይተላለፍ ነበር። መምህር ለሌለው ትምህርት መምህር አመጣ፤ ቤተ ሙከራ በሌለበት ቤተ ሙከራን አሳየ። ይህ ሊካድ አይገባም። ነገር ግን ሥርጭቱ ቀጥታ ነውና ያልገባው ተማሪ ቆይ ሊለው አይችልም፤ የክፍሉም መምህር አቁሞ ሊያብራራ አይችልም። ብዙ ቦታ መምህሩ ጥግ ይዞ ተመልካች ሆነ። መሣሪያው ከሎሕ እጅግ የረቀቀ ነበር፤ ኮር እና ሆስ የሚልለት ሰው ግን አጣ።

እንግዲህ ነገ ወደ አውበሬ፣ ወደ ቀብሪ በያህ፣ ወደ ሺኒሌ የምንመደበው እኛ ነን። አንዳንዶቻችን ታብሌት ያለበት ክፍል ይደርሰናል፤ አንዳንዶቻችን ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ ብቻ። ኮምፒውተሩን መክፈትና መዝጋት በሳምንት እንለምደዋለን፤ እሱ አያሳስብም። ከባዱ ማያው ላይ ያለውን ነገር ልጁ በሚያውቀው ቃል መሰየም ነው። ለዚህ ደግሞ አማርኛ ብቻ የምናውቀው ከሶማሌ ጓደኞቻችን ቃል መለመን አለብን፤ ማፈር የለብንም። በማስተማር ልምምዱ የጠፋው ነገር ይኸው ነበር። ጥፋቱም የመሣሪያው አልነበረም፤ የኛ ነበር።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ነገር እንሞክር። የትምህርት ዕቅዳችንን ስናዘጋጅ መሣሪያ ከሚለው ዓምድ አጠገብ አንድ መስመር እንጨምርና፣ ይህን ነገር ልጁ በቤቱ ምን ብሎ ይጠራዋል ብለን እንጻፍበት። መልሱን ካላወቅን ክፍል ከመግባታችን በፊት እንጠይቅ። አው ባርኻድሌ የሠሩት ይህንኑ ነው፤ ሥራቸውም ከኮረብታው ተአምር ባልተናነሰ ስምንት መቶ ዓመት ቆሟል።