ማክስ ቢል፤ በማስመሪያና በኮምፓስ የሠራው ሠዓሊ

ሥዕል ከልብ እንጂ ከሒሳብ አይወጣም የሚሉ ጓደኞች በመካከላችን ብዙዎች ናቸው። እኛም የአርትስ ፋኩልቲ ልጆች፣ አብዛኞቻችን ከጂኦሜትሪ ሸሽተን የመጣን ስለ ሆንን፣ ይህን ስንሰማ ደስ ይለናል። ነገር ግን የስዊሱን ሠዓሊ የማክስ ቢልን ሕይወት የተመለከተ ሰው እንዲህ ብሎ ለመፍረድ አይቸኩልም።

ማክስ ቢል በ1908 ዓ.ም. ቪንተርቱር በምትባል የስዊስ ከተማ ተወለደ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። አስቀድሞ በዙሪክ የብር አንጥረኛነትን ተማረ። በ1927 ጀርመን አገር ደሳው ወደ ነበረው ወደ ባውሃውስ ትምህርት ቤት ሄዶ ካንዲንስኪና ክሌ ከሚያስተምሩበት ገባ። ከዚያም ወደ ዙሪክ ተመልሶ በሥነ ሕንፃም፣ በቅርጻ ቅርጽም፣ በማስታወቂያ ሥራም እጁን አስገባ።

ከሥራዎቹ ሁሉ እኛ የምናስበልጠው በ1938 ፓሪስ ላይ ያሳተማቸውን 16 የሊቶግራፍ ኅትመቶች ነው። አንዱ መነሻ ሲሆን 15ቱ ያንኑ መነሻ በልዩ ልዩ መልክ የሚያሳዩ ናቸው። መነሻው ቀላል ነው። ጎኖቹ እኩል ከሆኑ ሦስት ማእዘን ይጀምራል፤ የእርሱ አንድ ጎን ወደ ውጭ ይከፈትና አራት ማእዘን ይወልዳል፤ አራቱ አምስትን፣ አምስቱ ስድስትን እያለ እስከ ስምንት ማእዘን ይደርሳል። የጎኖቹ ርዝመት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው፤ መላው ቅርጽ ግን እየሰፋ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ይጠመዘዛል። ጉዳዩ የሚጣፍጠው ከዚህ በኋላ ነው። ያው ሕግ ሳይነካ በአንዱ ወረቀት ላይ ቀለማት ገንነው ይታያሉ፤ በሌላው በማእዘኖቹ ዙሪያ የተሳሉ ክቦች ብቅ ይላሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው፣ ካልነገሩት በቀር፣ የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን አያውቅም። ሕጉ እጁን አስሮት ቢሆን ኖሮ በአንዱ ሥዕል በቆመ ነበር።

በ1949 ሐሳቡን በጽሑፍ አወጣ። በዚያም የሒሳብ አስተሳሰብ ለዘመኑ ሥነ ጥበብ መሠረት ሊሆነው እንደሚችል ተከራከረ፤ ሥዕል በቀመር ብቻ ይሠራል ማለቱ ግን አልነበረም።

ይህ ልዩነት በኋላ ዋጋ አስከፈለው። በ1953 ከኢንገ ሾልና ከኦትል አይሸር ጋር በኡልም ከተማ የዲዛይን ትምህርት ቤት አቋቁሞ የመጀመሪያው ሬክተር ሆነ። ኢንገ ሾል በሂትለር ላይ ወረቀት አባዝተው በመበተናቸው በ1943 አንገታቸውን የተቀሉት የሙኒክ ተማሪዎች የሃንስና የሶፊ እኅት ናት፤ ትምህርት ቤቱም የታሰበው ለእነርሱ መታሰቢያ ነበረ። ብዙ ሳይቆይ ወጣቶቹ መምህራን ዲዛይን ከሥነ ጥበብ ተላቅቆ በሳይንስና በስሌት ብቻ ይመራ አሉ። ሒሳብን ወደ ሥዕል ያስገባው ሰው ለሥዕል ሲሟገት ተሸነፈና በ1956 ሬክተርነቱን ለቀቀ፤ በ1957ም ከትምህርት ቤቱ ወጣ።

ቢል ወደ ዙሪክ ተመልሶ መሣሉንና ማሳተሙን ቀጠለ፤ ከ1967 እስከ 1971 ድረስ በአገሩ ምክር ቤት አባል ነበረ። በ1994 በርሊን ላይ በ85 ዓመቱ ዐረፈ። የኡልሙ ትምህርት ቤት ግን እርሱ ከወጣ በኋላ የቆየው 11 ዓመት ብቻ ነው፤ በ1968 ተዘጋ።